ቤይትካስተር ወይስ ስፒኒንግ? ከድሬና ከሐረር ተነስቶ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው የሪል አመራረጥ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ሪል፣ ማለትም ክሩ ስለሚጠቀለልበት ዕቃ፣ ማውራት ሰሚውን ያስቃል። ወንዛችን ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሐረርም ብትሉ ከጁገል ሥር የሚፈስ የዓሣ ወንዝ የላትም። ግን አቦ፣ ዓሣ የወደደ ሰው መንገድ አያጣም። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐሮማያ ሐይቅ ይደርሳል። ጊዜ ሲያገኝ አዋሽ ድረስ ይሄዳል። ጅቡቲ ዘመድ ያለው ደግሞ ባሕሩንም ይሞክራል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ የትኛውን ሪል ልግዛ?

በተለይ ቤይትካስተር የሚባለው ሰውን ያጓጓል። ቪዲዮ ላይ ሲያዩት ያምራል። መዳፍ ውስጥ ግጥም ይላል፣ ክሩ ያለ ድምፅ ይወጣል፣ ማባበያው (ዓሣውን የሚያታልለው ዕቃ) የተባለበት ቦታ ላይ ጠብ ይላል። ገዝተው ሲሞክሩት ግን ገና በመጀመሪያው ውርወራ ክሩ ይተበተብና ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሪሉ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሪሉ አይደለም። ሰው ሪሉን የሚመርጠው በመልኩና በዋጋው ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የሚወረወረው ነገር ስንት ግራም ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ሪሉን ለጊዜው እንተወውና ከዓሣው እንጀምር።

ምን ልታጠምዱ ነው?

ሐሮማያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ሜዳ ሆኖ ነበር። ውሃው ሲመለስ መንጠቆ ይዞ የሚወጣውም ተመለሰ። በእኛ አካባቢ ውሃ የሚታሰቡት ሁለት ዓሦች ናቸው፦ ቆሮሶና አምባዛ። የሚፈልጉት ዕቃ ደግሞ ለየቅል ነው።

ቆሮሶ በአብዛኛው የሚበላው አልጌና ጥቃቅን ነገር ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት እያሳደደ የሚነክስ ዓሣ አይደለም። የሚያዘው በትንሽ መንጠቆ፣ በትል ወይም በሊጥ ቁራጭ ነው። መንጠቆው፣ ምግቡና ተንሳፋፊው ተደምረው 5 ግራም ቢሞሉ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር በተራ ቤይትካስተር መወርወር ራስን ማድከም ነው። በክራውን፣ ማለትም ክሩ የተጠቀለለበትን ክፍል፣ የሚያዞረው የሚወረወረው ዕቃ ክብደት ስለሆነ፣ ዕቃው ከቀለለ በክራው አይነሳም። በጉልበት ላስነሳው ካላችሁ ደግሞ ይተበተባል። ለቀላል ማባበያ ተብለው የሚሠሩ ቤይትካስተሮች አሉ፤ ግን ዋጋቸው ከበድ ይላል፣ ለጀማሪም አይሆኑም።

አምባዛ ሌላ ነገር ነው። ታች መሬቱ ላይ ነው የሚበላው፣ ሲመሽ ደግሞ ይበረታል። የዶሮ አንጀት፣ የሥጋ ቁራጭ፣ የትንሽ ዓሣ ቁራጭ ሁሉ ይሆነዋል። እሱን ከታች የሚያስቀምጥ 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ግራም እርሳስ ያስፈልጋል። አምባዛው ሲያዝ ወደ ጭቃና ወደ ሣር ይገባል። እዚህ ጋ ቤይትካስተር ቤቱ ነው።

አዋሽ ላይ ውሃው ስለሚሄድ እርሳሱ ይከብዳል። በነገራችን ላይ አዋሽ አዞ አለበት። የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ ውሃው ጫፍ ላይ አትቁሙ፤ እግር ነክሮ መወርወር የሚባል ነገር አይኖርም። የጅቡቲ ባሕር ከሆነ ደግሞ ከ30 ግራም በላይ የሆነ ብረት ነው የሚወረወረው። ለዚያ ሁለቱም ዓይነት ሪል ይሆናል፤ ችግሩ ጨው ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሁለቱ ሪሎች ምንና ምን ናቸው

ስፒኒንግ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ነው። ስትወረውሩ በክራው አይዞርም። የሽቦውን ቅስት ትከፍታላችሁ፣ ክሩ ከበክራው አፍ እየተፈታ ይሄዳል፣ የሚጎትተው ሲያጣ ይቆማል። ለዚህ ነው ማንም ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚለምደው። ቀላል ዕቃ ይወረውራል። ንፋስ ብዙ አያስቸግረውም። እጀታውንም እንደፈለጋችሁ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዞር ትችላላችሁ። ጉድለቱ ክሩን ማዞሩ ነው። ክሩ በበክራው ዙሪያ ስለሚጠመጠም ውሎ አድሮ ይጠማዘዛል። ወፈር ያለ ክርም ብዙ አይመቸውም።

ቤይትካስተር ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል። እዚህ በክራው ራሱ ይዞራል። የተወረወረው ዕቃ ክሩን ይስባል፣ ክሩ በክራውን ያዞራል። ጣጣው የሚመጣው ዕቃው በአየር ላይ ፍጥነቱ ሲቀንስ ነው። በክራው ግን መዞሩን አይተውም። የሚወጣለት ያጣው ክር እዚያው በክራው ላይ ይከመራል፣ ይተበተባል። ያንን የሚቆጣጠሩት ፍሬኑና አውራ ጣታችሁ ናቸው።

ታዲያ ለምን ይለፋል? ሦስት ነገር ስለሚሰጥ። አንደኛ፣ ዕቃውን በአየር ላይ እያለ በአውራ ጣት ማቆም ትችላላችሁ። ከሣሩ አንድ ክንድ ቀድሞ እንዲወድቅ ከፈለጋችሁ እዚያው ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ክሩ ቀጥ ብሎ ስለሚጠቀለል ወፍራም ክር አያስቸግረውም፣ አይጠማዘዝም። ሦስተኛ፣ ከባድ ዓሣ ከጭቃ ለመንቀል ጉልበት አለው።

ሽፋን ያለው፣ በቁልፍ የሚለቀቅ የልጆች ሪልም አለ። ለልጅ ጥሩ ነው፣ በዚህ እንለፈው። ክርን በእጅ ጠቅልሎ መወርወርም አለ። ቆሮሶ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው እሱ ነው፤ ይህን ስል ዕቃ ሻጮች እንዳይቀየሙኝ።

ውሳኔዬ ይህ ነው። አንድ ሪል ብቻ የምትገዙና ቆሮሶም አምባዛም የምትሉ ከሆነ 3000 ወይም 4000 ቁጥር ስፒኒንግ ግዙ፤ ቁጥሩ የሪሉ መጠን ነው። ብዙ ጊዜ የምትወረውሩት ከ10 ግራም በላይ ከሆነ፣ አምባዛ ላይ ካተኮራችሁና ለልምምድ ጊዜ ካላችሁ ቤይትካስተር ግዙ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቆዩ።

ቤይትካስተር ካላችሁ፦ የፍሬን ምርጫ

ቤይትካስተር ስትገዙ ዋጋውን ከሚለዩት ነገሮች ዋናው ፍሬኑ ነው። ሻጩ ግን የሚነግራችሁ የኩሽኔታውን ብዛት ነው። «10 ኩሽኔታ አለው» ሲባል አትደንግጡ። ጥሩ 4 ኩሽኔታ ከርካሽ 10 ይሻላል።

ፍሬን ያልሆነውን አስቀድመን እንለይ። እጀታው ሥር ያለው ኮከብ መሳይ ጎማ ለውርወራ አይደለም። ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቅበትን ልክ ነው የሚወስነው። እሱን አጥብቆ «አሁንም ይተበተባል» የሚል ሰው ብዙ ነው።

የውርወራው ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመሽከርከር ኃይል የሚሠራው ነው። በበክራው ጎን ትናንሽ የፕላስቲክ ጉጦች አሉ። በክራው ሲፈጥን ወደ ውጭ ይገፉና የቀለበቱን ግድግዳ ያሻሉ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መነሻ ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ ይለቃል። ርቀት ለሚፈልግ ሰው ይህ ደስ ይላል። ግን በብዙዎቹ ላይ ለማስተካከል የጎን ሽፋኑን መክፈት ያስፈልጋል። ጉጦቹን ወደ ሥራ የምታስገቡትም ትይዩ ትይዩውን ነው፤ አለዚያ በክራው ሚዛን ያጣል።

ሁለተኛው በማግኔት የሚሠራው ነው። ማግኔቱ በክራውን አይነካውም። በክራው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይስበውም፤ ግን ማግኔት አጠገብ ሲሽከረከር በውስጡ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያ ኤሌክትሪክ መልሶ ይይዘዋል። የሚያሽ ነገር የለም፣ የሚያልቅ ነገር የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስተካከያው ውጭ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 10 የተጻፈበት ቁልፍ ነው፤ በጣት ታዞሩታላችሁ፣ አለቀ።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ማግኔቱን ነው። ምክንያቱም የእኛ ቦታ ነው። አሸዋና አቧራ ባለበት የሪል ሆድ መክፈት ጥሩ አይደለም። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ጥርሱ መካከል ከገባች ሪሉ መንኳኳት ይጀምራል። ሁለቱንም የያዙ ሪሎች አሉ፤ ካገኛችሁና ገንዘቡ ካለ እሰየው። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ዲሲ የሚባለው ደግሞ ፍሬኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠር ነው። ባትሪ የለውም፤ በክራው ሲዞር በሚያመነጨው ኃይል ይሠራል። ሥራው ያስደንቃል። ግን ዋጋው ሌላ ነው፣ ቢበላሽም የሚጠግን ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አውራ ጣትንም ጨርሶ ከሥራ አያስወጣም።

ክሩ ከሪሉ ያልተናነሰ ነገር ነው

ለጀማሪ ተራ ናይለን ይበቃል። ውፍረቱ ከ0.33 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ይሁን። በዚህ ውፍረት ብዙው ክር 6 ኪሎ አካባቢ ይችላል። ለስላሳ ነው፣ ሲተበተብ ይፈታል፣ ዋጋው አይከብድም። ተስፋ ቆርጣችሁ በመቀስ ብትቆርጡትም አያስቆጭም።

የተጎነጎነው ክር ቀጭንና ጠንካራ ነው። ለአምባዛ ያጓጓል። ግን ቀጭን ከሆነ በክራው ላይ ካሉት ድርብርቦች መካከል ሰርጎ ይገባል፣ በቀጣዩ ውርወራ ያንቃል። ሲተበተብ ደግሞ የሸረሪት ድር ነው። ግድ ካላችሁ ወፈር ያለውን ምረጡ፤ ከሥሩም ጥቂት ሜትር ናይለን አስቀድሙ፣ አለዚያ በለስላሳው በክራ ላይ ይንሸራተታል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ግትር ነው። ጣታችሁ እስኪለምድ አትንኩት።

በክራውን እስከ አፉ አትሙሉት። ከከንፈሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ሪሉን ደግሞ ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ አትተዉት። ናይለን ፀሐይ አይወድም፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ የምታውቁት ነው።

ልምምድ ደቻቱ ላይ

ውሃ የሌለበት ከተማ አንድ ጥቅም አለው። ደቻቱ ሲደርቅ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ ማንም የማይከለክላችሁ የመወርወሪያ ሜዳ ነው። ማለዳ ውጡ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። ክረምት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም። ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።

ክሩ ጫፍ ላይ መንጠቆ አትቋጥሩ፤ ሰው ያልፋል፣ ልጆች ይመጣሉ። ጋራዥ ሄዳችሁ ዳዶ ለምኑ። በ17 ቁልፍ የሚፈታው የተለመደ ዳዶ 11 ግራም አካባቢ ነው፣ በ19 ቁልፍ የሚፈታው ደግሞ 17 አካባቢ። በትልቁ ጀምሩ። ለአምባዛ እርሳስ መለማመድ ስትፈልጉ ያረጀ ካንዴላ እሰሩ።

አሁን ሪሉን ለዳዶው አስተካክሉት። ከእጀታው በኩል ከኮከቡ አጠገብ ትንሽ ክብ ክዳን አለች። ዘንጉን ወደ ፊት አግድም ያዙ፣ የመልቀቂያውን ቁልፍ ተጫኑ፣ አውራ ጣታችሁን ከበክራው ቀስ ብላችሁ አንሱ። ዳዶው ቀስ እያለ መውረድ አለበት። አሸዋውን ሲነካ በክራው እዚያው መቆም አለበት። ዳዶው መሬት ላይ ሆኖ በክራው አሁንም የሚዞር ከሆነ ክዳኗን ጠበቅ አድርጉ። ጭራሽ አልወርድ ካለ ላላ አድርጉ። ማግኔቱን 8 ላይ አድርጉት። የዕቃ ክብደት በለወጣችሁ ቁጥር ይህን መድገም አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይሄንን ነው።

ዳዶው ከዘንጉ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይንጠልጠል። አውራ ጣታችሁ ክሩ ላይ ይረፍ። ቀኝ እጃችሁን ዞር አድርጉና እጀታው ወደ ሰማይ ይይ፤ እንዲህ ሲሆን አንጓችሁ ይፈታል። ዘንጉን ወደ ኋላ ውሰዱ፣ የዳዶው ክብደት ጫፉን ሲያጎብጠው ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ፊት። በጉልበት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ በሚሄድ እንቅስቃሴ ነው። አውራ ጣት ይላላል እንጂ ርቆ አይሄድም። ክሩ ሥሩ ሲያልፍ እንዲሰማው ያህል ይቅረብ። ዳዶው ሊወድቅ ሲል ሙሉ በሙሉ ተጫኑ። አሸዋው ቡን ሲል በክራው ቆሞ መገኘት አለበት።

ሲተበተብ መቼ እንደተተበተበ አስተውሉ። ገና ሲነሳ ከሆነ በጉልበት ወርውራችኋል ወይም ጣታችሁ ቶሎ ተነስቷል። መጨረሻ ላይ ከሆነ ጣታችሁ ዘግይቷል። መሐል ላይ ከሆነ ንፋስ ነው ወይም ፍሬኑ አንሷል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ መድኃኒት አላቸው። ለሁሉም ፍሬን የሚያጠብቅ ሰው ርቀቱን ያጣል፣ ጣቱም አይማርም።

15 ሜትር ላይ ያረጀ ጎማ አስቀምጡና መሐሉ ለማስገባት ሞክሩ። ርቀት በኋላ ይመጣል። በተከታታይ ሳይተበተብ ሲሄድላችሁ ማግኔቱን በአንድ ቀንሱ። ከሰዓት ንፋስ ሲነሳና ፊት ለፊት ሲመጣ መልሳችሁ ጨምሩ፣ ዝቅ አድርጋችሁም ወርውሩ።

አንድ ዘዴ ልጨምር። የምትችሉትን ያህል ርቀት ወርውሩ፣ ከዚያ ጥቂት ሜትር ተጨማሪ ክር አውጡና በበክራው ላይ በቀረው ክር ዙሪያ ፕላስተር ለጥፉ። ቢተበተብም ከፕላስተሩ በታች አይወርድም። ለልምምድ ብቻ ነው፤ ለዓሣ ስትወጡ አንሱት፣ ትልቅ አምባዛ ከዚያ በላይ ክር ሊወስድ ይችላል።

የተተበተበ ክር በኃይል አይጎተትም። ኮከቡን አጥብቁ፣ አውራ ጣታችሁን ክሩ ላይ ጫን አድርጉ፣ እጀታውን ሁለት ሦስት ዙር አዙሩ። ከዚያ ቁልፉን ተጭናችሁ ክሩን በቀስታ ሳቡ። ከያዘ ድገሙት። ብዙው ጥምጥም በዚህ ይፈታል። የተሰበረ ወይም የነጣ ክር ካያችሁ ግን እዚያ ድረስ ቁረጡና ጣሉ፤ ዓሣው የሚበጥሰው እሱን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬ ታይዋን ገበያ ተዘዋውራችሁ ደህና ቤይትካስተር ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ብዙዎቻችን የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ስለዚህ ለሚያመጣላችሁ ሰው በደንብ ንገሩት፤ መመለሻ የለውም።

እጁን ንገሩት። ቤይትካስተር የግራና የቀኝ ተብሎ ለየብቻ ነው የሚሠራው፣ እንደ ስፒኒንግ እጀታው አይዞርም። የቀኝ ከተባለ እጀታው በቀኝ ነው፤ በቀኝ ወርውራችሁ ዘንጉን ወደ ግራ ታሻግራላችሁ ማለት ነው። በስፒኒንግ በግራ መጠቅለል የለመደ ሰው የግራውን ይዘዝ።

ማርሹን ንገሩት። 5.4:1 ከተባለ እጀታው አንዴ ሲዞር በክራው 5.4 ጊዜ ይዞራል። ዝቅተኛው ጉልበት አለው፣ ከፍተኛው ፍጥነት። ለአምባዛ 5 ወይም 6 አካባቢ ይበቃል፤ 8 ለእኛ ውሃ ትርፍ ነው። ቅርጹንም ንገሩት። ክቡ ዓይነት ብዙ ክር ይይዛል፣ ለከባድ እርሳስና ለባሕር ይሻላል። ዝቅ ያለው ዓይነት መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ለአውራ ጣት ይቀርባል። ለመማር ዝቅ ያለው ይመቻል።

ዘንጉን አትርሱ። የቤይትካስተር ዘንግ ከመያዣው ሥር እንደ ቃታ ያለ ነገር አለው፣ ቀለበቶቹም ወደ ላይ ናቸው። የስፒኒንግ ዘንግ ላይ ብታስሩት አይሠራም። ከመያዣው በላይ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ፤ የሚወረውረው ክብደት ከ10 እስከ 30 ግራም የሚል፣ 2.1 ሜትር አካባቢ የሆነ ዘንግ ለሐሮማያ ይሆናል፤ እርሳሱ ለሚከብድበት ለአዋሽ ግን ከበድ ያለውን የሚችል ምረጡ።

ያገለገለ ከሆነ ቁልፉን ተጫኑና በክራውን በጣት ምቱት። ረዘም ላለ ጊዜ በጸጥታ ከዞረ ደህና ነው። ካንኮራኮረ ኩሽኔታው መታጠብና አንድ ጠብታ ዘይት ይፈልጋል፤ ያ ቀላል ነው። እጀታውን ስታዞሩ ጥርስ በጥርስ ሲረግጥ ከተሰማችሁ ግን ማርሹ ተበልቷል። ክሩን ግራና ቀኝ የሚያመላልሰውን ብሎን ተመልከቱ፤ አሸዋ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በመጨረሻ ብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ፈልጉ። ባሕር ላይ ውሎ በንጹሕ ውሃ ያልታጠበ ሪል ምልክቱ እሱ ነው። ውጭው ላይ ያን ያህል ከታየ ውስጡ ይብሳል፣ በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።